ከወንድሜ ስንቅ አንድ ጉርሻ

ጥቅምት 9፣ 2017፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር ዛሬ ከልብስ ሣጥኔ ሥር አወጣሁት። የፊተኛው ግማሽ ኮሌጅ ሳለሁ የጻፍሁት የስታትስቲክስ ትምህርት ነው። የኋለኛው ባዶ ነው። ሆዴን የሞላውን የማወራለት ሰው ስላጣሁ እዚህ ልተንፍስ።

እማ ዛሬ ዓሣ ሠራች። ጠዋት ከጣና የወጣ ትኩስ ዓሣ ገዝታ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ጠብሳ ምሳ ዕቃውን እስከ አፉ ሞላችው። ለእኔ የትናንቱን ሽሮ አሞቀችልኝ። "አንቺማ ስትመለሺ ትበያለሽ" አለች። ስመለስ መጥበሻው ታጥቦ ተደፍቷል።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ደንብ አለ፤ ስንቅ ያመጣ ሰው ራሱ ሳይቀምስ አያቀብልም። መርዝ እንዳይገባ ነው። በሩን የምትጠብቀው ኮንስታብል ሚስጥር ክዳኑን ከፈተችና "ቅመሽ" አለችኝ። ቀመስሁ። እስክውጥ ድረስ አፍ አፌን አየችኝ። ጣት የሚያስቆረጥም ዓሣ ነበር። እንግዲህ ከእናቴ ጥሩ ምግብ የሚደርሰኝ ይኸው ነው፤ በፖሊስ ትእዛዝ የምጎርሳት አንዲት ጉርሻ። ረቡዕ አንድ፣ ቅዳሜ አንድ።

ምናሴ በሽቦው ማዶ እየሳቀ መጣ። "ወለላ! የመጨረሻው ኮርስም ኤ ሆነልኝ!" አለኝ። ታናሼ ነው፤ ባጃጅ ይነዳ ነበር። የካቲት 2013 በመጫኛ ተራ ተጣልቶ የሥራ ባልደረባውን ዓይን በጎማ መፍቻ አጠፋና ስድስት ዓመት ፈረዱበት። የሰው ዓይን አጥፍቶ ገባ፤ አሁን የማኔጅመንት ዲግሪ ይዞ ሊወጣ ነው። ኮሌጁ መምህራኑን እዚያው ግቢ ድረስ ይልክላቸዋል። እኔ አካውንቲንግ ጀምሬ የተውሁበት ኮሌጅ ነው። የእኔ ክፍል ቅዳሜ ነበር። እሱ ሲታሰር ቅዳሜ የስንቅ ቀን ሆነ። እሱ ተማሪ ሆነ፣ እኔ ምሳ ዕቃ ተሸካሚ።

"እንኳን ደስ ያለህ" አልሁት። ድምፄ ለራሴም ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የጠዋት ፈረቃ። ከፋብሪካ በቀጥታ ወደ በሩ። "ቅመሽ።" ቀመስሁ። ምናሴ "እማ ጉልበቷ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔም ጉልበት አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ጨርቅ ስመረምር የምውልበት።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

የማርያም ማኅበር በእኛ ቤት ነበር። እኔ ጠላ እቀዳለሁ። አንዷ ሴትዮ "እሜት ሸጊቱ፣ ልጅዎ መቼ ነው የሚፈታ?" ብላ እማን ጠየቀቻት።

"በየካቲት፣ በአመክሮ። እኔማ እስር ቤት ነው ያለ አልልም። ዩኒቨርሲቲ ልኬዋለሁ ነው የምል" አለች እማ።

እልል አሉ። ሴትዮዋ ቀጠለችና "ወለላስ?" አለች። እማ ቀና ብላ አየችኝ። "ወለላማ አለች" አለች።

አለች። ወንበሩም አለ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

የመመረቂያ ጽሑፉን እንድተይብለት ሰጠኝ። ሠላሳ ስምንት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ፣ በእርሳስ። ስለ ምን ጻፈ? ባሕር ዳር ውስጥ የባጃጅ ማኅበራት ተራ እንዴት እንደሚያስከብሩ! በተራ ተጣልቶ ሰው ያሳወረ ሰው ስለ ተራ አጠባበቅ ተመራመረ።

አውቶቡስ ላይ ስቄበት ነበር። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን ጥሩ ነው። ያናደደኝም ይኸ ነው። የተጣላው ሰውዬ በዚያን ቀን ለምን ቸኩሎ እንደነበር ሳይቀር ጠይቆ ጽፏል፤ ልጁ ታሞበት ኖሯል። ይህን እኛ አናውቅም ነበር።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

በምሳ ሰዓት በፋብሪካው ኮምፒውተር እየተየብሁ ዛሬ ጨረስሁ። የመጨረሻው ቅጠል ምስጋና ነው። እግዚአብሔርን ያመሰግናል። እናቱን ወይዘሮ ሸጊቱን፣ "የማትደክም እናቴ" ይላታል። መምህር ቃለ ሕይወትን ያመሰግናል። አብረውት የታሰሩትን ያመሰግናል። እርሳስ ስትሰጠው የነበረችውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳይቀር ያመሰግናል። ከዚያ "መላ ቤተሰቦቼን" ብሎ ይዘጋል።

"መላ ቤተሰቦቼ" ውስጥ አለሁ። ድመቷም አለች።

አንድ ፊደል ሳልሳሳት ተየብሁለት።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

የነቢያት ጾም ገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሚስጥር ግን በአራት ሰዓት ክዳኑን ከፍታ "ቅመሽ" አለችኝ። "ጾም ላይ ነኝ እኮ" አልኋት። "ደንቡ አይጾምም፣ እቴ" አለችኝ። ምስሩን ቀመስሁ። ጾሜ እንኳ የእኔ አይደለም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

መምህር ቃለ ሕይወት በሩ ላይ ጠብቀው አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ እንኳ ድምፃቸው አይወጣም።

"ወለላ፣ ውስጡ ምናሴ የፈረመበት የመውጫ ፈተና ማመልከቻ አለ። ያለ ፈተናው ዲግሪ የለም፤ ታውቂያለሽ። ከቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃውን፣ ዋናውን፣ ጨምሪበትና ለሬጅስትራር ስጪልን። ታኅሣሥ 18 ሲስተሙ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እኔም ምንም ማድረግ አልችል።"

"እሺ" አልሁ።

"ደግሞ ለእናቱ አትንገሪያት እንጂ፣ ቆላ ድባ የእህል ማኅበር ውስጥ ጓደኛ አለኝ። ልጁ ይህን ፈተና ካለፈ በየካቲት እንቀጥረዋለን ብሎኛል። ታስሮ የወጣን ሰው የሚቀጥር ስንት አለ ብለሽ ነው?"

የፋብሪካ ማመልከቻዬን ስጽፍ እኔን ማን አገዘኝ? ለእኔ ቆላ ድባ ድረስ የደወለ ሰው ማን ነው?

ፖስታው እንዳይታጠፍ ብዬ እዚህ ደብተር ውስጥ፣ የስታትስቲክሱ የመጨረሻ ገጽ ላይ አደረግሁት። ገጹ ላይ ቀን አለ፤ ታኅሣሥ 10፣ 2013። ያኔ እንዴት ያለ ጽሕፈት ነበረኝ!

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ማስረጃውን ከእማ ሣጥን አወጣሁ። ፖስታው ውስጥ ከትቻለሁ። ሰኞ እወስደዋለሁ።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ባጃጅ የለም። ከሰዓት ተከፈተ አሉ። ከሰዓት ደከመኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

"አስገባሽልኝ?"

"ነገ።"

"እሺ።" ይህ "እሺ" የሚለው ነገሩ እንዴት ያበሽቀኛል! ቢቆጣ ምን አለ? ተቆጥቶ ነው እዚያ የገባ፤ አሁን ደግሞ መልአክ ሆነብን። እማ "ልጄ ተለውጦ" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። አራት ዓመት ተቀምጦ የሚያስብበት ጊዜ ቢሰጡትማ መለወጥ ማን ይጠላል?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቢሆንም አልሰርዘውም።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ራሴን አመመኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ዛሬ ሄድሁ። የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንሁ ጠዋቱን ነፃ ነበርሁ። ፖስታውን በነጠላዬ ሥር ይዤ ኮሌጁ ግቢ ገባሁ። በሩ አጠገብ ያለው የጃካራንዳ ዛፍ እንዴት አድጓል! ሥሩ ቁጭ ብለን የምንሳሳቅበት ድንጋይ ላይ ሌሎች ልጃገረዶች ይሳሳቃሉ። ከእነሱ አንዷ "እናት፣ ሬጅስትራር በዚህ ነው" ብላ አሳየችኝ። እናት! ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ሰልፍ ቆምሁ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ "ለራስሽ ነው?" አለችኝ። ጥርሰ ፍንጭት፣ ፈገግታዋ የሚጥም ልጅ ናት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ "አዎ" አልኋት። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች፣ ከዚያ ከኋላ ወደ መደርደሪያው ገባችና አንድ አቧራ የጠገበ ፋይል ይዛ መጣች። ወለላ ቢያዝን። ፎቶዬ አለበት። ፀጉሬን ሹሩባ ተሠርቼ።

"ስታትስቲክስ ኤፍ አለብሽ። ከዚያ የለሽም" አለችኝ፣ እንዳልከፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ግን መመለስ ትችያለሽ። የማታ አለን፣ የእሑድም አለን።"

"የእሑድ መቼ ተጀመረ?"

"የእሑድማ ሁልጊዜም ነበር።"

ከዚያ ፖስታውን ላወጣ ስል መስኮቱን ለምሳ ዘጉት። ምን ላድርግ? የሰው ምሳ አላስቀር። ሥራ ሊረፍድብኝ ስለነበር ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

"ወለላ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረው።"

"አውቃለሁ። አትጨቅጭቀኝ።"

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ተቆጣጣሪው ለነገ ጠዋት ትርፍ ሰዓት የሚገባ ሰው ጠየቀ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለቤት አንድ ነገር ይረዳል ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ጠዋት ሠራሁ። ከሰዓት ሠራሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግድግዳውን ሰዓት አየሁት።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

በሽቦው ማዶ ቆሞ ጥያቄውን በዓይኑ ብቻ ጠየቀኝ። "አስገባሁ" አልሁት።

ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እንደ ሕፃን ዘለለ። ከኋላው ያሉት እስረኞች አጨበጨቡለት። ስወጣ ሚስጥር እጄን ይዛ "እንዳንቺ ያለች እህት ብትኖረኝ፣ እኔም ዛሬ በር ላይ አልቆምም ነበር" አለችኝ። እጄን ቶሎ አስለቀቅሁ።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ለገና እማም በጉልበቷ እየተጎተተች አብራኝ ሄደች። "ከነዲግሪህ ነው የምትመጣልኝ" እያለች ሽቦውን ይዛ አለቀሰች። ምናሴ በሚስጥር በኩል አንድ ነገር አቀበለኝ፤ እዚያ ውስጥ በክር የሠራው የትከሻ ቦርሳ፣ ቀይና ጥቁር። "ኮሌጅ ስትመለሺ ለደብተርሽ ይሆንሻል" አለኝ።

ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። ልይዘው አልችልም።

ጥር 7፣ ረቡዕ

መምህር ቃለ ሕይወት ደወሉ። የተፈታኞች ስም ዝርዝር መጥቷል፤ ምናሴ የለበትም። ከአሥራ ሁለቱ እስረኞች እሱ ብቻ ቀርቷል። "ሰነዱ አልደረሰም ይላሉ። መቼ ነበር የሰጠሽው?"

"ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14" አልሁ።

"ለማን?"

"መስኮቱ ላይ ላለችው። ጥርሰ ፍንጭቷ።" አፌ ነው የተናገረው። "ምናልባት ጠፍቶባት ይሆናል።"

"ነገ አለቃዋን አናግራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ዝም አይባልም" አሉ። ቁጣ ከማያውቅ ሰው ቁጣ ሲመጣ ያስደነግጣል።

ፋይሌን ከአቧራ ውስጥ ፈልጋ ያመጣችልኝ ልጅ ናት።

ጥር 9፣ ዓርብ

መምህር እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። አለቃዋ ዘንድ ሊገቡ ሲሉ ምናሴ ወሬው ግቢ ድረስ ደርሶት በሌላ መምህር በኩል መልእክት ልኮባቸዋል። "ልጅቷን አትንኳት፤ እኔ ነኝ እህቴን አታስገቢው ያልኋት። ፈተናውን ፈርቼ ነው። ሰጠሁ ያለችውም ለእኔ ብላ ነው" ብሏል።

"እንዲህ ያለ ፈሪ አልመሰለኝም ነበር" አሉኝ። "ለቆላ ድባው ሰው ምን እላለሁ? በዚህ ልጅ ስሜን አስይዤ ነበር።"

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። "አዝናለሁ፣ መምህር" የሚል ወጣ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ከተማው ነጭ ለብሶ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ በተቃራኒው እሄዳለሁ። "ቅመሽ።" ቀመስሁ።

ምናሴ ስለ ፖስታው አልጠየቀኝም። "እማ ጉልበቷ እንዴት ነው?" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አንቺስ፣ ደኅና ነሽ?" አለኝ።

ሰዓቱ አለቀ።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ከትናንት በስቲያ አሥራ አንዱ በመኪና ተጭነው ለፈተና ሲወጡ እሱ በረኛው አጠገብ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝላቸው ነበር አለችኝ ሚስጥር። "ወዲያው ምሳ ዕቃሽን ሊያጥብ ገባ" አለችኝ።

እማም ሰምታለች፤ ራሱ ነው በስልክ የነገራት። "ሰንፌ ነው እማ" ብሏት። ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ዛሬ ግን ድንገት ዞራ "ምንም ቢሆን አንቺ አለሽልኝ" አለችኝ፤ ለሽሮው ጨው እየጨመረች። እንዲህ እንድትለኝ ስንት ዓመት ጠበቅሁ! ሰምቼው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ወጣ። አንድ ፌስታል ልብስና አንድ ካርቶን መጽሐፍ። ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ነበር። "ዲግሪውስ?" የሚል አልጠፋም። "ደረሰ፣ በሰኔ" እያለ ይስቃል። የቆላ ድባው ቦታ ተይዟል። እሑድ ጠዋት ዱርቤቴ ሊሄድ ነው፤ ገበያ ላይ እህል የሚጭንና የሚያወርድ ሰው ይፈልጋሉ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

"ውኃውን ላየው" አለኝና ጣና ዳር ወረድን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ታንኳ ሲያልፍ አየን። ንፋሱ ደስ ይላል።

"ወለላ" አለኝ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ። "አንቺ ያቋረጥሽው ታኅሣሥ ነው። እኔ የተያዝሁት የካቲት።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ምንም። አራት ዓመት 'በሱ ምክንያት ቀረሁ' እያልሽ ለሰው ስታወሪ እሰማ ነበር። ዝም ያልሁ፣ ስንቁን እንዳትተዪብኝ ፈርቼ ነው። አንቺ ብትቀሪ ማን ይመጣልኛል?"

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። "ብርድ መጣ፣ እንሂድ" አለኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ የስንቅ ቀን ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ምሳ ዕቃውን አወረድሁ፤ ከዚያ ትዝ አለኝና መለስሁት።

እማ ዓሣ ሠራች። እንደዚያው እሾሁን ለቅማ፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት። ሦስታችን ከበን ተቀመጥን። እማ "ብላ እንጂ፣ ልጄ" አለችው። ምናሴ እጁን አላነሣም። ትሪውን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋውና፣ ልክ በሚስጥር ድምፅ፣ "ቅመሽ" አለኝ።

እማ ከት ብላ ሳቀች። "ኧረ ይኸ ልጅ! እስር ቤቱን ይዞብኝ መጣ!" እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጎረስሁ። እስክውጥ ድረስ አፍ አፌን አየኝ። በውኃ ገፋሁት። ከዋጥሁ በኋላ እጁን ሰደደና ዓሣውን በላ። ሁሉንም በላው፤ አጎረሰኝም።

እማ ሳህኑን እያነሣች "ለሰኔው ፈተና አንተ ዱርቤቴ ሆነህ ማን ሊያስገባልህ ነው? ምዝገባው በዚህ ወር ነው አሉ" አለች። መልሱንም እሷው ሰጠች፤ "ወለላ ታስገባልህ የለ!"

ምናሴ አየኝ። "አዎ" አለ። "እሷ ታስገባልኛለች።"

ክፍሌ ገብቼ ፖስታውን ከስታትስቲክሱ ገጽ አወጣሁ። አንድ ጎኑ ታጥፏል። አዲስ ማመልከቻ ፈርሞ ሰጥቶኛል፤ ማስረጃው ያው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ቀይና ጥቁሩ ቦርሳ ውስጥ ከተትሁ፤ ቦርሳው በር ላይ ተሰቅሏል። ሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ነኝ።

ከጥቅምት ጀምሮ የጻፍሁትን ሁሉ አሁን መልሼ አነበብሁት። አንድ ቦታ ላርም። ታኅሣሥ 14 ቀን መስኮቱን ለምሳ አልዘጉትም ነበር። ክፍት ነበር። ልጅቷ "ሌላስ ምን ልታዘዝ?" ብላኛለች። "ምንም" ብዬ የሄድሁት እኔ ነኝ።